ድንች ያመጣልን፣ ጦስኝ ላይ ስሙ የቀረ ሰው

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በደባርቅ መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ኮሶዬ ይደርሳል። ከመንገዱ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ መሬቱ ከእግር ሥር ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ ከታች የቆላው አገር ተዘርግቶ ይታያል። የቦታው ስም ኮሶን ያስጠራል። ኮሶ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ለሚወድ ሕዝብ ምን ያህል ባለውለታ እንደነበረ ለአንባቢ መንገር አያሻም። በአገራችን በዛፍ ስም የሚጠሩ ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ ዋንዛዬ፣ ግራር ጃርሶ፣ ሾላ፣ ወይራ ሰፈር እያልን መቀጠል እንችላለን። ከእነዚህ መካከል ስሙ ቀርቶ ዛፉ ሊጠፋ የተቃረበባቸው ጥቂት እንዳልሆኑ አካባቢያችንን ዞር ብለን ስናይ እንረዳለን። ስም ብቻውን ተክልን አያድንም።

የተክል ስም ከተነሳ ዘንድ ስሙ ከብዙ ዕፅዋቶቻችን ጋር ተጣብቆ ስለቀረ አንድ ሰው ማውራት ተገቢ ነው። ሻይ ውስጥ የምንጨምረው፣ ሽሮና በርበሬ ላይ የምናስገባው ጦስኝ በሳይንስ ስሙ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል። ከኮሶ ጎን ለጎን የአባቶቻችን መድኃኒት የነበረው እንቆቆ ደግሞ ኤምበሊያ ሺምፐሪ ነው። በዕፅዋት መጻሕፍት ውስጥ ይህንን ስም የተሸከሙ የኢትዮጵያ ሣሮች፣ ሐረጎችና ቁጥቋጦዎች በርካታ ናቸው። ለመሆኑ ይህ ሺምፐር ማን ነበር? ጦስኝን ያህል የቤታችንን ቅመም እንዴት በስሙ ሊያስጠራ ቻለ?

ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1804 ባቫሪያ ውስጥ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ በተፈጥሮ ጥናት የታወቀ ነበር። ወንድሙ ካርል ፍሪድሪሽ ሺምፐር ቅጠሎች በግንድ ላይ የሚደረደሩበትን ሥርዓት ያጠና ሲሆን፣ የበረዶ ዘመን የሚለውን አጠራር ለሳይንስ ያበረከተው እሱ ነው። የአጎቱ ልጅ ደግሞ በስትራስቡርግ የታወቀ የሽበት ዕፅዋት ሊቅ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ቤት ያደገው ቪልሄልም የወንበር ሊቅ አልሆነም። የእሱ ዕጣ በእግሩ መሄድ፣ መንቀልና ማድረቅ ሆነ።

በዚያን ጊዜ በጀርመን ኤስሊንገን ከተማ ስቶይደልና ሆህሽቴተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ያቋቋሙት የጉዞ ማኅበር ነበር። አሠራሩ የዛሬውን የአክሲዮን ነገር ይመስላል። አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ በተዋጣው ገንዘብ ተጓዥ ይልካል፤ ተጓዡ የሰበሰበው የደረቀ ዕፅ ለአባላቱ እንደ መዋጯቸው ይከፋፈላል። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ተልኮ በ1830ዎቹ መጀመሪያ አልጄሪያን አየ፤ ከዚያም ግብፅን፣ ሲናንና ሒጃዝን አዳረሰ። በ1837 ምጽዋን አልፎ አድዋ ገባ። ማኅበሩ ያሰበው ሰውዬው ጥቂት ዓመት ሰብስቦ ይመለሳል ብሎ ነበር። እሱ ግን አልተመለሰም። እስከ ዕለተ ሞቱ አርባ አንድ ዓመት በኢትዮጵያ ኖረ።

እዚህ ላይ የሥራውን ዓይነት ማወቅ ይጠቅማል። የዕፅዋት ሰብሳቢ ተክሉን ከነሥሩ፣ ከነአበባውና ከተቻለም ከነፍሬው ይነቅላል፤ በወረቀት መካከል ዘርግቶ በክብደት ይጫነዋል፤ እርጥበቱን የጠጣውን ወረቀት በየጊዜው በደረቅ ይለውጣል። ይህ በደጋ ክረምት፣ በጭጋግና በዝናብ መካከል ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ሰሜን ተራራ የሄደ ሁሉ ይገምተዋል። ከዚያም ቦታው፣ ቀኑና የቦታው ከፍታ ይጻፍበታል። የሺምፐር ወረቀቶች ላይ ቧሂትን፣ ስልኪንና እንጨትቃብን የመሳሰሉ የሰሜን ስሞች በላቲንና በጀርመን አጻጻፍ ተጠማዘው ይገኛሉ። ከአንድ ዓይነት ተክል አንድ ብቻ አልነበረም የሚወስደው። አባላቱ ብዙ ስለነበሩ ከእያንዳንዱ ብዙ ቅጂ መላክ ነበረበት። ይህ የቅጂ ነገር በኋላ ስለምንመለስበት አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሺምፐር አድዋ ሲደርስ ትግራይንና ሰሜንን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። የጎንደሩ ንጉሥ ስም እንጂ ሥልጣን አልነበረውም፤ ሰው ከአገር አገር የሚያልፈው በባላባቱ ፈቃድ ነበር። ውቤ ለሺምፐር በራቸውን ከፈቱለት። በእጁ ሥራና በዕውቀቱ የሚጠቅም ሰው ሆኖ ስላገኙት ቆይተው የእንትጮን አገር እንዲያስተዳድር ሾሙት። ሺምፐርም ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ ልጆች ወልዶ፣ የአገር ሰው ሆነ። የጀርመኑ ማኅበር በ1840ዎቹ መጀመሪያ ተዳክሞ ሥራውን ሲያቆም ደመወዝ የለሽ ሆኖ ያልወደቀው በዚህ ሹመት ምክንያት ነው። በኋላም ከፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ጋር ተስማምቶ ናሙና መላኩን ቀጠለ።

በዚያው ጊዜ ለዕፅዋት ጥናት የመጡ ሌሎችም ነበሩ። ካርቲን ዲዮንና ፔቲ የተባሉት ፈረንሳውያን ሐኪሞች እንደ ሺምፐር በትግራይና በሰሜን ሰብስበዋል። የመጀመሪያው በቆላ ትኩሳት ሞተ፤ ሁለተኛውን ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። እነሱ የላኩትንና የሺምፐርን ስብስብ ይዞ አሺል ሪሻር የተባለው የፓሪስ ሊቅ ከ1847 ጀምሮ የአቢሲኒያን ዕፅዋት የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። ሪሻር ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። በሰው ደም የመጡ ደረቅ ቅጠሎችን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስም አወጣላቸው።

ደጃዝማች ውቤ የንግሥና ሐሳብ ነበራቸው። ለዚሁ ክብር እንዲሆን ጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ ማርያምን ሲያሠሩ ለግንባታው የተጠቀሙት በሺምፐር ዕውቀት ነበር። የዕፅዋት ሰው የቤተ ክርስቲያን አናጺ ሲሆን ለዛሬ አንባቢ ያስገርም ይሆናል፤ በዚያን ዘመን ግን አንድ አውሮፓዊ ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ እሱም መሞከሩ አልቀረም። የሆነው ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ አለቀ፤ ዘውዱ ግን ለሌላ ሰው ሆነ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሳ ደረስጌ አጠገብ ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው፤ በቀናት ውስጥም በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ለራሳቸው ባዘጋጁት ቤት ማራኪያቸው ተቀባበት።

ጌታው ሲወድቅ የጌታው ሹም ይወድቃል። ሺምፐር እንትጮን አጣ። ግን አገሩን ጥሎ አልሄደም። በግብርና ታሪክ ጽሑፎች ውስጥ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እሱ እንደሆነ የሚነገርለት በዚህ በውድቀቱ ዘመን፣ በ1858 ነው። ይህ ሰው ከአገራችን በሺዎች የሚቆጠሩ ዕፅዋትን አድርቆ ወሰደ፤ አንድ ሕያው ተክል ግን አስገባ፤ ያም ተክል ዛሬ በጎንደርም በጎጃምም የደጋው ገበሬ የክረምት መዳኛ ሆኖ ይኖራል። በሚዛን ላይ ብናስቀምጠው ማን ለማን ባለዕዳ እንደሚሆን ለመፍረድ ያስቸግራል።

በ1860ዎቹ ስለ ትግራይ ዕፅዋት የጻፈው ሰፊ ማስታወሻ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ሲቃቃሩ ግን ለእሱም ከሌሎቹ አውሮፓውያን የተለየ ዕጣ አልመጣለትም። እሱም፣ ውቤን ለማገልገል ቀደም ብሎ የመጣው ጀርመናዊ ሠዓሊ ኤድዋርድ ዛንደርም በ1860 ዓ.ም. የናፒዬር ጦር መቅደላ ሲደርስ ከተለቀቁት መካከል ነበሩ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሺምፐር በእንግሊዝ መርከብ ወደ አውሮፓ የመመለስ ዕድል ነበረው። እሱ የመረጠው አድዋን ነው። በ1878 እዚያው አረፈ።

አሁን ወደ ቅጂው ነገር እንመለስ። ሺምፐር ከሰበሰበው ውስጥ ብዙው ወደ በርሊን የዕፅዋት ሙዚየም ገብቶ ነበር። በመጋቢት 1943 የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ያን ሙዚየም መታው፤ ከመላው ዓለም የተሰበሰበው ሀብት በአንድ ሌሊት እሳት በላው። ሺምፐር ሁሉንም በርሊን ብቻ አስቀምጦት ቢሆን ኖሮ የዕድሜ ልክ ድካሙ አመድ ይሆን ነበር። ነገር ግን ያ የአክሲዮን ማኅበር ለየአባሉ ይከፋፍል ስለነበረ ተመሳሳዩ ቅጠል ፓሪስ፣ ለንደን፣ ቪየና፣ ጄኔቭና ቱቢንገን ይገኝ ነበር። የመክፈል ግዴታው ያልታሰበ መድን ሆነ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር እንደተቀመጠ አይቆጠርም።

ይህ ትምህርት ለእኛ ምን ይፈይዳል? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሐርበሪየም የተመሠረተው በ1959 ነው፤ ሺምፐር ከሞተ ሰማንያ አንድ ዓመት በኋላ ማለት ነው። የኢትዮጵያን ዕፅዋት በራሷ ልጆች ተሳትፎ ለመዘርዘር የተነሳው ፕሮጀክት ደግሞ በ1980 ተጀምሮ የመጨረሻው ቅጽ በ2009 ወጣ። ስድስት ሺህ ያህል ዝርያዎችን የያዘውን ይህን ሥራ ለፍሬ ለማብቃት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ባልደረቦቻቸው ከስዊድን ሳይንቲስቶች ጋር ደክመዋል። የገዛ አገራቸውን ሣር ለማወቅ የፓሪስና የለንደን ሣጥኖችን ማስከፈት ነበረባቸው። የአንድ ዝርያ ስም የሚረጋገጠው መጀመሪያ ስም ከወጣለት ናሙና ጋር ተመሳክሮ ነውና።

የሕግ ሰው ሆኜ ስመለከተው ስምና መብት የተለያዩ መሆናቸውን ማስታወስ እወዳለሁ። ጦስኝ ሺምፐሪ ስለተባለ የሺምፐር ወራሾች ንብረት አይሆንም። በሺምፐር ዘመን ግን ተክሉን ሲወስድ የሚጠይቀው ከባላባቱ በቀር ማንም አልነበረም። ከ1992ቱ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት ወዲህ መንግሥታት በዘረመል ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው ታውቋል። እኛም በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የዘረመል ሀብታችንን እንዳይወስድ፣ ሀብቱን ጠብቆ ያቆየው ማኅበረሰብም ከጥቅሙ እንዲካፈል ደንግገናል። በጤፍ ላይ የሆላንድ ኩባንያ ያወጣው የፈጠራ መብት በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪሆን ድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀ የምናስታውስ ሁሉ የዚህ ዓይነት ሕግ ለምን እንዳስፈለገ አይጠፋንም። ሆኖም ሕጉ የሚከለክለው መወሰድን ነው። እዚሁ ቤታችን ውስጥ የሚጠፋውን ተክል በር ላይ የቆመ ዘበኛ አያድነውም።

የሚጠፋው የቱ ነው? እንደ ጅብራ ያለው ግዙፍ ተክል ቢያንስ ይታያል። ዓመታት ሙሉ ቅጠሉን እያሳደገ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው የሰሜኑ ጅብራ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይገኝም፤ ቱሪስትም ፎቶ ያነሳዋል፤ ፓርክም ተከልሎለታል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ተቋቁሞ፣ ሺምፐር በሞተ በመቶኛ ዓመቱ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጥቷል።

አሳሳቢዎቹ የማይታዩት ናቸው። በጨፌና በኩሬ ውስጥ የሚኖሩ፣ ከጣት የማይበልጡ ዕፅዋት አሉ። ከነዚህ አንዱ ወገን ዩትሪኩላሪያ ይባላል፤ በኢትዮጵያ ውኃዎችም የተለያዩ ዝርያዎቹ ይገኛሉ። ሥር የለውም፤ በክር መሳይ ቅርንጫፎቹ ላይ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉት። ከረጢቱ በሩን ዘግቶ ውስጡን ከውኃ ያጎድላል፤ አንዲት ጥቃቅን የውኃ ነፍሳት የበሩን ፀጉር ስትነካ በሩ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ሁኔታ ተከፍቶ ውኃውን ከነነፍሳቷ ስቦ ያስገባትና ይዘጋል። ከዚያ ያፈጫታል። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ሥጋ በል ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ በ1875 ሲወጣ፣ ሺምፐር አድዋ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ይኖር ነበር፤ በመጽሐፉ ውስጥ ይህ የውኃ ተክል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አግኝቷል።

ተክሉ ነፍሳት የሚበላው ክፉ ስለሆነ አይደለም። የሚኖርበት ውኃና ጭቃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ስለሚያንሰው ነው። ድህነትን መላመዱ ሌላው ተክል በማይኖርበት እንዲኖር አስቻለው። ጠባዩ ግን ደካማ ጎኑም ነው። ከእርሻ የሚወርድ ማዳበሪያ ጨፌውን ሲያበለጽገው ረጃጅም ሣሮች ይነግሡበታል፤ ትንሹ ተክል ይታፈናል። ጨፌው በቦይ ሲጠነፍፍ ወይም በዳሩ ባሕር ዛፍ ሲተከል ደግሞ ውኃው ራሱ ይሄዳል። በሌላው ዓለም እነዚህን ዕፅዋት የሚያሳድጉ ሰዎች የዝናብ ውኃ ያጠጧቸዋል፤ ከቧንቧ የሚመጣ ማዕድን የበዛበት ውኃ ይጎዳቸዋል፤ ማዳበሪያም በአፈራቸው አያስገቡም። እንዲህ ያለውን ተክል እንደ ጽጌረዳ ነቅሎ ጓሮ ውስጥ ማኖር አይቻልም። ቦታውን ካልጠበቁት እሱን መጠበቅ አስቸጋሪ ነው።

ሰብሳቢም ቢሆን ይቸገርበታል። ከውኃ ሲወጣ እንደ ረጠበ ክር ተጠቅልሎ ቅርጹን ያጣል። በሳህን ውኃ ላይ ተንሳፎ፣ ወረቀት ከሥሩ ገብቶለት፣ ቀስ ተብሎ ካልተነሳ አይደርቅም። ትዕግሥት የሌለው መንገደኛ እነዚህን ትቷቸው ያልፋል። አንድን አገር ማወቅ ብዙ ዓመት መቀመጥን የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ የሺምፐርም ትልቁ ችሎታው ሌላው ሲሞትና ሲመለስ እሱ መቀመጡ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ቁም ነገሩ እንግዲህ ይኸውና። ሺምፐር የተወልን የወረቀት ምስክር ነው። ወረቀቱ ይህ ተክል በዚህ ቀን በዚህ ተራራ ላይ ነበረ ይላል። በሕግ ቋንቋ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ የሚጠቅመው ክርክሩን ለሚያነሳ ሰው ነው። እኛ ከ1830ዎቹና ከ1840ዎቹ ጀምሮ ምን የት እንደነበረ የሚናገር ማስረጃ በእጃችን አለ፤ የብዙዎቹም ምስል ዛሬ በኢንተርኔት ይገኛል። ያ ወረቀት ወደሚጠራው ተራራና ጨፌ ሄዶ ተክሉ አሁን አለ ወይስ የለም የሚለውን መጠየቅ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ደባርቅም ዩኒቨርሲቲ አላት። ተማሪዎችም፣ የየአካባቢውን ሣር በስሙ የሚያውቁ እረኞችም አሉ።

ሁለተኛው ነገር የቅጂ ጉዳይ ነው። በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመው የዘር ባንክ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ በዋናነት የሰብሎቻችንን ዘር ጠብቆ ኖሯል። በአዲስ አበባ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ተቋቁሟል። እነዚህ መልካም ጅምሮች ናቸው። ነገር ግን የሰሜንን ተክል ለማትረፍ አዲስ አበባ ብቻውን አይበቃም፤ የበርሊን እሳት ያስተማረን ይህንኑ ነው። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ባለው ደጋ ላይ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየትምህርት ቤቱ ግቢ ኮሶው፣ ጦስኙ፣ እንቆቆው እንደየጠባዩ ሊተከል ይችላል። የቤተ ክርስቲያን ደኖቻችን ይህንን ሥራ አዋጅ ሳይጠብቁ ለዘመናት ሠርተውታል። ሊተከል የማይችለው የጨፌ ተክል ደግሞ ጨፌው በቀበሌ መዝገብ ላይ ስሙና ወሰኑ ሊሰፍርለት፣ ለእርሻና ለባሕር ዛፍ እንዳይሰጥ ሊደረግ ይገባዋል። ዛሬ ጨፌ ማለት በብዙ ሹሞች ዓይን ባዶ መሬት ነው፤ ባዶ መሬት ደግሞ ፈላጊው ብዙ ነው።

ባላባት ፈቅዶለት ብቻ በእግሩ የሄደ አንድ ሰው፣ ሹመቱን ተነጥቆ፣ መቅደላ ደርሶ ተመልሶ፣ ይህን ያህል ማስረጃ ትቶ አልፏል። እኛ አዋጅ አለን፤ ተቋም አለን፤ የተማረ ሰውም አለን። የጎደለን ከደባርቅ መንገድ ወርዶ ጨፌውን የሚቆጥር ሰው ነው።